አባያን ሰማያዊ አታድርጉት

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄድ ሰው ከተማውን እንደለቀቀ የጫኖን ቀበሌዎች ያገኛል። በግራው የጋሞ ደጋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በቀኙ የሙዝና የማንጎ እርሻ ይዘረጋል፤ ከእርሻው ባሻገር አባያ ሐይቅ አለ። መንገድ ዳር ሙዝ የሚጭኑ አይሱዙዎች ይቆማሉ፤ ካሜራ ያነገተ ሰው ግን እምብዛም አይቆምም። እሱ የሚቸኩለው ወይ የአዞ ገበያ ወደሚባለው የጫሞ ሐይቅ ዳርቻ፣ ወይ ሽቅብ ወደ ዶርዜ፣ ወይ በከተማው ከፍታ፣ ሴቻ ላይ ወዳሉት የሎጅ በረንዳዎች ነው። የመልክዓ ምድር ፎቶ ማንሣት ለሚጀምሩ ወጣቶች እኔ አስቀድሜ የማሳየው ጫኖን ነው። ደጋው፣ ከደጋው የሚወርደው የሐሬ ወንዝ፣ ወንዙ የሚያጠጣው እርሻ፣ በመጨረሻም ወንዙ የሚገባበት ሐይቅ እዚህ በአንድ እይታ ይሰበሰባሉ።

አባያ ቡናማ ነው፤ አንዳንድ ቀን ወደ ቀይ ያደላል። ቢላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና፣ ሐሬና ሌሎችም ወንዞች የደጋውን አፈር ይዘው ይገቡበታል። አፈሩ በጣም የላመ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። ሐይቁም እንደ ስፋቱ ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ይታመሳል። ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውሃ ቀለሙን ያገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ነው ማለት ነው። የእግዜር ድልድይ ከሚባለው ኮረብታ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ጫሞ ግን ጠርቶ፣ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። ሁለት ሐይቆች በአንድ ጠባብ ኮረብታ ተለይተው ሁለት ዓይነት ቀለም የያዙበት ይህ ትዕይንት በአገራችን ካሉት ሁሉ ብርቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ በየካላንደሩ፣ በየሆቴሉ ግድግዳና በየስልኩ የሚዞሩትን የአርባ ምንጭ ፎቶዎች ተመልከቱ። በብዙዎቹ አባያ ሰማያዊ ሆኗል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የጠፋው አንድ ቀለም ብቻ አይደለም። የጠፋው ሐይቁና ደጋው አንድ አገር መሆናቸውን የሚናገረው ምልክት ነው።

ጥፋቱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ራሱ ካሜራው ነው። የቀለም ማመጣጠኛው (ዋይት ባላንሱ) አውቶ ላይ ከተተወ፣ ፍሬሙን የሞላ ቡናማ ውሃ ሲያይ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላ መስሎት ለማስተካከል ሰማያዊ ይጨምራል። ስልክማ ከዚህም አልፎ ሰማዩን ለብቻው፣ ውሃውን ለብቻው ያሳምራል። ሁለተኛው የእኛ እጅ ነው። ሐይቅ ሰማያዊ መሆን አለበት የሚል እምነት ይዘን ኮምፒውተር ፊት እንቀመጥና ቡናማውን እንደ እድፍ እናጥበዋለን። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋይት ባላንሱን የፀሐይ ብርሃን ላይ፣ 5,200 ኬልቪን አካባቢ ላይ አቁሙት፤ ቀኑን ሙሉም አትንኩት። ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል፣ በራው አንሡ። ስታስተካክሉ ደግሞ ከውሃው በፊት የሙዙን ቅጠልና የመንገዱን አስፋልት ተመልከቱ። ቅጠሉ ቅጠል፣ አስፋልቱም አስፋልት ከመሰለ ሐይቁ ትክክል ነው፤ ተዉት።

የሰዓት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የፎቶ ትምህርት በአብዛኛው የተጻፈው ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች በምትወጣበትና በምትጠልቅበት በሰሜኑ ዓለም ነው። እዚያ ወርቃማው ብርሃን ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጫኖ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስድስት ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፤ ከወጣችም በኋላ ቀጥ ብላ ሽቅብ ትሄዳለች። የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጨለማ ሳለ ያላቆመ ሰው ለስላሳውን ብርሃን አያገኘውም። ያገኘም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ፦ በማለዳ ነፋስ የለም፣ ውሃው ይረጋል፤ የረጋ ውሃ ደግሞ ከዳር ዝቅ ብለው ሲያዩት የሰማይ መስተዋት ነው። የማለዳ አባያ ውብ ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት የምታነሡት ሰማይን ነው።

የሐይቁ ትክክለኛ ሰዓት ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ብዙ ፎቶ አንሺ ብርሃኑ ጠንካራ ነው ብሎ የሚያርፍበት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ግን ፀሐይ ከጀርባችሁ፣ በደጋው በኩል ናት፤ ብርሃኗ ውሃው ውስጥ ያለውን አፈር ፊት ለፊት ይመታዋል። የከሰዓቱ ነፋስም የውሃውን ፊት ስለሚሰብረው ነጸብራቁ ይበተናል። ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ (ፖላራይዘር) ካላችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ የቀረው ጭላንጭል ይነሣና ቡናማው ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ከዚያ አትሂዱ። ከጀርባ ያለው ተራራ ረጅም ስለሆነ ጀንበሯ ከመደበኛው የመጥለቂያ ሰዓት ቀድማ ትሰወራለች፤ የጋሞ ደጋ ጥላም እርሻውን ተሻግሮ ሐይቁ ላይ ይወርዳል። ጫኖ ጥላ ውስጥ ሆኖ በማዶ ያሉት የአማሮ ተራሮች ገና ብርሃን ላይ ናቸው። ቅርቡ ጨለማ፣ ሩቁ ብርሃን ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጥልቀት የሚሰጥ የብርሃን አደላደል በየትኛውም ሌንስ አይገዛም።

ሴቻ ላይ ከገደሉ አፍ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ፍሬም ለሚፈልግ ሰው ወሩ ራሱ መምረጫ ነው። በሰኔ ጀንበር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጠግታ በአባያ በኩል ትወጣለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ጫሞ ትጠጋለች። በመጋቢትና በመስከረም ቀጥ ብላ ከምሥራቅ ትመጣለች።

ስለ ወቅት ካነሣሁ ጥቂት ልቆይ። የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር ኢትዮጵያን ለዓለም አስተዋወቁ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም በእሱ እንኮራለን። ግን የጠራ ሰማይና የበራ ፀሐይ ብቻ የአገር ውበት ነው የሚል ዐይንም አብሮ የወረስን ይመስለኛል። በጫኖ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ፀሐይ አይጠፋም፤ አየሩ ግን አቧራና ጭስ ይይዝና አማሮ ጭራሽ አይታይም። ለሩቅ እይታ የሚመረጠው ዝናብ ባለበት ወቅት፣ በሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም በመስከረምና ጥቅምት ነው። ዝናብ አየሩን አጥቦ በሄደ ማግሥት ተራራው እጅ የሚደርስበት ይመስላል። ሐሬ ሞልቶ በወረደ ማግሥትም ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ አዲሱ ደለል በአሮጌው ውሃ ላይ እንደ ሸማ ሠሪ ማግ ተዘርግቶ ይታያል። ከደጋው ወገብ ላይ፣ ወደ ዶርዜ በሚወጣው መንገድ ቆሞ በረጅም ሌንስ ይህን ያነሣ ሰው ስለ ስምጥ ሸለቆ ብዙ ተናግሯል።

ሌላውም የአገራችን ትልቅ ትዕይንት ቢሆን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የሰሜን ተራሮችን ገደል ያደረገው የውሃ መሸርሸር ነው፤ ዳሎልን ያቀለመው ጨው፣ ድኝና ብረት ነው፤ የሳነቴ ሜዳ ጉምና ውርጭ ያሳደገው ነው። ቦታውን የሠራውን ኃይል ያላሳየ ፎቶ የትም ሊነሣ ይችል ነበር።

ወደ ዳርቻው ስትወርዱ መሬቱ ባለቤት እንዳለው አትርሱ። ጫኖ እርሻ ነው። «ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ እዚህ ጋ ቆሜ ሐይቁን ላንሣ?» ስል የተመለሰልኝ «አንሣ ልጄ፤ ቦዩን ብቻ እንዳትረግጥብኝ» የሚል ነበር። የመስኖ ቦይ ጠርዙ ከተናደ ውሃው የማይሄድበት ማሳ አለ። ውሃው ዳር ደግሞ አዞ አለ፤ ብቻችሁን አትቁሙ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቁሙ ካሏችሁ ቦታ አትለፉ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሡ።

ቀለሙን እንዳለ የመተው ጉዳይ ከውበትም ያልፋል። ያን ኒሰን የተባለ ቤልጂየማዊ የጂኦግራፊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶ አንሺዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሷቸውን የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ይዞ፣ በዚያው ቦታ ቆሞ ደግሞ አነሣቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናታቸው ብዙዎች ከጠበቁት ተቃራኒውን አሳየ፤ ከ140 ዓመት በፊት ተራቁተው የነበሩ ብዙ ቦታዎች ዛሬ ዛፋቸው በዝቶ፣ አፈራቸው የተሻለ ተጠብቆ ተገኙ። ይህ ሊታወቅ የቻለው የጥንቶቹ ፎቶ አንሺዎች ያዩትን እንዳዩት ስለተዉልን ነው።

በጋሞም የሚጠበቅ ለውጥ አለ። ደጋው ላይ እርከን ከተሠራና ዛፍ ከተተከለ የሐሬ ውሃ ሊጠራ ይችላል፤ ተዳፋቱ ከታረሰና ከተራቆተ ደለሉ ይብሳል። በአቅራቢያው ያለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ስሙን የሰጠው ሜዳም በቁጥቋጦ እየተወረረ ነው። ይህን ሁሉ የሚመሰክር ፎቶ ያስፈልገናል፤ ሰማያዊ የተቀባ አባያ ግን ምንም አይመሰክርም።

ስለዚህ የአርባ ምንጭ ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ ጫኖ ላይ አንድ ቦታ ምረጡ። ከመንገዱ ድልድይ ወይም ከማይነቃነቅ ድንጋይ ለክታችሁ ምልክት አድርጉበት። በየዓመቱ በመስከረምና በሚያዝያ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ዋይት ባላንስ አንሡ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ራውን ፋይል አታጥፉ። አርባ ምንጭ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የውሃ ትምህርት የሚሰጥበት ተቋም አለ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ነው። ቅጂውን ለተቋሙ ስጡ።