የባሌ እረኞች፣ እሳትና እኛ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፊልም ወይም ስለ ዘፈን አይደለም፤ ስለ አንድ ጥናት ነው። የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ከአስረኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዲግሪ ይዛ የመጣች ጓደኛዬ ኮርኒሽ ቁጭ ብለን እያነበበች ተረጎመችልኝ። አራት አርብ ፈጀብን።

ምን አገናኘሽ ብትሉኝ፣ አገሬ ደባርቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል አስረኛ ክፍል ነበርኩ። የሰፈራችን ወንዶች ቅርንጫፍና አካፋ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው «ማን ለኮሰው?» ይል ነበር። «ድሮ እሳቱን ማን ይቆጣጠረው ነበር?» ያለ አልሰማሁም። ጥናቱ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ቦታው ግን ባሌ ነው።

የጻፉት ማሪያ ዮሃንሰን፣ የእኛው ማስረሻ ፈጠነና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዮሃንሰን ያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የባሌ እረኞች አስታን የሚያቃጥሉት ለከብቶቻቸው ነው። አስታ ሲያረጅ ይረዝማል፣ ይደርቃል፣ ለከብት አይሆንም። ከተቃጠለ በኋላ ግን ከሥሩ ለምለም ቀንበጥ ያወጣል። ደግሞ አንዴ የተቃጠለ ቦታ ለዓመታት እሳት አይይዝም። ስለዚህ ተራራው እንደ ተጣጣፈ ልብስ፣ እዚህ ያረጀ እዚያ ለጋ ከሆነ፣ እሳቱ ለጋው ጋ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ክልከላው ግን ማቃጠሉን አላስቀረውም፤ ተደብቆ እንዲሆን አደረገው እንጂ። ተደብቆ የሚለኮስ እሳት ደግሞ ሽማግሌ አይመክርበትም፣ ጎረቤት አይጠብቀውም።

እዚህ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬን «ቁሚ፣ ድገሚልኝ» አልኳት። መጀመሪያ የሠራሁበት ቤት ስልክ ክልክል ነበር። እናቴን ሳላናግር ማደር አልቻልኩም፤ ስለዚህ ስልኬን ሌሊት ፍራሽ ሥር ደብቄ ቻርጅ አደርግ ነበር። አንድ ሌሊት የጭስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ፍራሹ መዳፍ የሚያክል ጠቁሯል። ጮኬ ሰው መጥራት እንኳን ፈራሁ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። እረኞቹ የሚሉት ገባኝ።

የጥናቱ ትልቁ ጥሩ ነገር አጠያየቁ ነው። እረኞቹን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ አዋቂ ነው የጠየቀው። እኛን እንደዚህ የጠየቀን ስንት ሰው አለ?

ቅሬታም አለኝ። አንደኛ፣ የባሌ እረኛ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ዕውቀቱ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ከእሱ አፍ የወጣውን ለማንበብ እሱም እንደ እኔ አስተርጓሚ ሊፈልግ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በዚህ ጥናት ላይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም በአውስትራሊያም ብዙ ተመራማሪዎች «ማኅበረሰቡ ከሰደድ እሳት ጋር እንዴት ይላመዳል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ይሄ መላመድ የሚባል ቃል አይመቸኝም። ወደዚህ ስንመጣ ደላላው «ትለምጂዋለሽ» አለን፤ ስናለቅስ ቤተሰብም «ቻይው፣ ትለምጂዋለሽ» አለን። ልመጂ የሚባለው ሁልጊዜ የተጎዳው ነው። ክልከላውን ያወጣው ሰው ልመድ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የባሌ እረኞች እኮ እሳትን አልለመዱትም፤ ያስተዳድሩት ነበር። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ለእኛ ተራራም እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ቢቀርብ እወዳለሁ። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓርኩ ተቃጠለ። አንዱ ሌላውን አመጣው አልልም። ግን ያንን ሣር ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ደባርቅ ተቀምጠው ጭሱን ከሩቅ ነበር የሚያዩት። እነሱን ማን ጠየቃቸው?

እህቶቼ፣ ስልካችሁን ፍራሽ ሥር ቻርጅ አታድርጉ። የሚከለክላችሁ ካለ ብቻችሁን አትደብቁት፣ ለማኅበራችን ንገሩ። አንድ ቀን ደግሞ ተማሪ ወረቀት ይዛ መጥታ «ዶሃን እንዴት ተላመድሽው?» ካለቻችሁ፣ በደንብ መልሱላት። ከዚያ እናንተም ጠይቋት፦ «የነገርኩሽ ተመልሶ የሚመጣልኝ በየትኛው ቋንቋ ነው?»