ከኩብ የወጣ በርጩማ

ኮልፌ አጣና ተራ እንጨት ተለክቶ ይቆረጣል፣ ተጭኖም ቤት ሊሆን ይሄዳል። እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር፣ በኮምፒውተር ውስጥ በርጩማ መሥራት ተማርኩ።

ብሌንደር የተባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ሲከፈት መሐል ላይ አንድ ኩብ ይጠብቃል፤ 8 ጫፍ፣ 12 ጠርዝ፣ 6 ገጽ። ከኪቦርዱ ቁልፎች «ጂ» ያንቀሳቅሰዋል፣ «አር» ያዞረዋል፣ «ኤስ» ያሳድገዋል ወይም ያሳንሰዋል። እኔ ከሁሉም «ኢ»ን እወዳለሁ፤ አንዱን ገጽ ይዛ ወደ ውጭ ትስባለች። ኩቡን አሳስቼ መቀመጫ አደረግሁት፣ ሥሩን በመስመር ከፋፈልኩ፣ ከዚያ በ«ኢ» ከአራቱ ማዕዘን እግር አወጣሁ። ከጠፍጣፋ ነገር እግር ሲበቅል ማየት እንዴት ደስ ይላል! ቢሳሳቱም አጣና አይባክንም፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ በነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎች 100 ሺህ ዩሮ አዋጥተው የብሌንደርን ኮድ ለሁሉም አስከፈቱ፤ ያ መዋጮ ነው ኮልፌ ድረስ የደረሰኝ።

ጎረቤቴ የሆኑ አናጺ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩና «በሦስት እግር አድርገው፤ መሬቱ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም» አሉኝ። አንዱን እግር አጥፍቼ የቀሩትን አዛወርኩ።