«ዝርዝር» እና «ተራ ቁጥር»፦ የጀማሪ ፕሮግራም ትምህርት ስያሜዎች ሲመዘኑ

ለጀማሪዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ በሚያስተምሩ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ መረጃዎችን በአንድ ስም ሥር ለመያዝ የሚያገለግለው መሣሪያ በእንግሊዝኛ «ሊስት» ይባላል። ተርጓሚ ፈጥኖ የሚደርስበት የአማርኛ ቃል «ዝርዝር» ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ስያሜና ተከታዮቹን እንመዝናለን። መመዘኛችንም፣ ስያሜው ተማሪውን በሥራው ላይ ይመራዋል ወይስ ያሳስተዋል የሚለው ነው።

«ዝርዝር» ከ«ዘረዘረ» የወጣ ስም ነው። የስም ዝርዝር፣ የዕቃ ዝርዝር፣ ዝርዝር ገንዘብ እንላለን፤ በሁሉም ዘንድ ነገሩ አንድ በአንድ ተለይቶ መታየቱ ይገለጻል። ይሁን እንጂ በተለምዶ የዕቃ ዝርዝር የምንለው ወረቀቱን ነው፤ ዕቃው ሌላ ቦታ ነው። የፕሮግራሙ ዝርዝር ግን ሥራው እየተካሄደ ሳለ የሚጨመርበትና የሚቀነስለት መያዣ ነው። ምንጩ ቋንቋም ቢሆን ቃሉን በአንድ ፍች አላጸናውም። ጆን መካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 መንደፍ በጀመረው በሊስፕ «ሊስት» እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ክፍሎች ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ በሆነው በፓይተን ደግሞ በተርታ የተቀመጡ የመረጃ አድራሻዎችን ይይዛል። ስለዚህ «ዝርዝር» የሚለውን ስያሜ እንቀበላለን፤ ያለ ብያኔ መቅረቡን ግን እንነቅፋለን።

የከፋው ችግር የሚመጣው «ኢንዴክስ» የተባለው «ተራ ቁጥር» ተብሎ ሲተረጎም ነው። ተራ ቁጥር በአማርኛ ከ1 ይጀምራል፤ የግእዝ አኃዝም ከ፩ ይነሣል፣ ለዜሮ ምልክት የለውም። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በቅደም ተከተል በገቡበት የፓይተን ዝርዝር ግን ሰኞ በ0፣ ማክሰኞ በ1፣ ረቡዕ በ2 ይገኛሉ። «ተራ ቁጥር 1» የተባለ ተማሪ ሰኞን ፈልጎ ማክሰኞን ያገኛል፤ 3 ብሎ ሲጠይቅም ፕሮግራሙ ይቋረጥበታል። ጥፋቱ የስያሜው ሆኖ ሳለ የራሱ ይመስለዋል። ዜሮውን «ባዶ» ማለትም አይረዳም፤ «ባዶ ዝርዝር» ምንም ያልገባበት ዝርዝር ማለት ነውና።

ቁጥሩ የሚናገረው ከመነሻው ስንት ዕቃ እንደታለፈ ነው። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 ከዜሮ መቁጠርን ደግፎ በጻፈው ማስታወሻ ይህንኑ አሳይቷል፤ ከዜሮ ሲቈጠር የአንድ ዕቃ ቁጥር ከእርሱ በፊት ካሉት ብዛት ጋር እኩል ይሆናል። በአንጻሩ የመጀመሪያው ፎርትራን ከ1 ይቈጥር ነበር። እንግዲህ ለሁለቱም ልማድ የሚበቃ፣ መነሻውንም አስቀድሞ የማይወስን ስያሜ ያስፈልጋል። እኛ «መገኛ ቁጥር» የሚለውን እንመርጣለን።

ግሶቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። ፓይተን ከዝርዝር ዕቃ ለማስወገድ «ፖፕ» እና «ሪሙቭ» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉት። ሁለቱንም «ማጥፋት» ብሎ መተርጎም ልዩነታቸውን ይደመስሳል። 4፣ 9 እና 1 ባሉበት ዝርዝር ላይ «ፖፕ» 1 ሲሰጠው በመገኛ ቁጥር 1 ያለውን 9 አውጥቶ ያስረክባል፤ «ሪሙቭ» 1 ሲሰጠው ግን ራሱን 1ን ፈልጎ ይሰርዛል። የፊተኛውን «ማውጣት»፣ የኋለኛውን «መሰረዝ» ብንል አማርኛው ራሱ ልዩነቱን ያስተምራል።

እንዲሁም አንዱን ዝርዝር በሌላ ስም መጥራትን «መቅዳት» ማለት ስሕተት ነው። ሰው የክርስትና ስምና የቤት ስም ቢኖረው ሁለት ሰው እንደማይሆን፣ ዝርዝሩም ሁለተኛ ስም በማግኘቱ አይባዛም፤ በአንዱ ስም የተደረገው ለውጥ በሌላውም ይታያል። «መቅዳት» ሌላ ዝርዝር በእርግጥ ሲፈጠር ብቻ ይነገር፤ የፊተኛው «ስም መስጠት» ይባል።

ባጭሩ፣ የሚከተሉት ስያሜዎች በመዝገበ ቃላትና በማስተማሪያ መጻሕፍት ቢጸኑ ይበጃል እንላለን፦

ሀ) ዝርዝር፦ በቅደም ተከተል የተቀመጡ፣ ሊጨመርባቸውና ሊቀነስላቸው የሚችል መረጃዎች መያዣ፤
ለ) መገኛ ቁጥር፦ አንድ መረጃ በዝርዝሩ ውስጥ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ቁጥር፤
ሐ) ማውጣት፦ በመገኛ ቁጥሩ፤ መሰረዝ፦ በራሱ በመረጃው፤
መ) ስም መስጠት፦ ያለውን ዝርዝር በሌላ ስም መጥራት፤ መቅዳት፦ ሌላ ዝርዝር መፍጠር።

የሙያ ቃል ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ ሞክሮ ይይ። አለዚያ ቃሉ አማርኛ ይሆናል፣ ትምህርቱ ግን ባዕድ ሆኖ ይቀራል።