ዕቃ ያድርበት የነበረው ቤት

መጀመሪያ ያየሁት በሌሊት ነው። ዋሽንግተን ዲ.ሲ. ውስጥ፣ ኒውዮርክ አቬኑ በተባለው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ የአገራችን ሰው በታክሲያቸው ወደ መሐል ከተማ ይዘውኝ ሲገቡ፣ ከመንገዱ ዳር በብርሃን መቀነት የታጠቀ ረዥም ሕንጻ ብቅ አለ። ማዕዘኑ ክብ ነው፤ አናቱ ላይ ባለ ብዙ ጫፍ ኮከብ የሚመስል የመስታወት ማማ ደፍቷል።

«ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ዱሮ የሱቅ መጋዘን ነበር። አሁን ሰው ይኖርበታል።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ኪራዩን የሚችል ሰው ነዋ!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ በቀን ተመልሼ ዞርኩት። ሕንጻው የሄክት ኩባንያ መጋዘን ይባላል፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ሄክት በ1857 ባልቲሞር ላይ የተጀመረ፣ በ1896 ዋሽንግተን የገባ፣ ከልብስ እስከ አልጋ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ነበር። በ2006 ስሙ በሌላ መደብር ስም እስኪዋጥ ድረስ የዋሽንግተን ሰው «ሄክት ሄጄ» ሲል ኖሯል። የመጋዘኑ ነዳፊ ጊልበርት ስቲል የሚባል መሐንዲስ ነው። ዘመኑ የባቡርና የአይሮፕላን ፍቅር ሁሉንም ያሰከረበት ዘመን ስለነበር፣ ቆሞ የሚኖረው ሕንጻ እንኳ የሚሮጥ እንዲመስል ተደርጎ ይነደፍ ነበር። ስትሪምላይን ሞደርን ይሉታል። የሄክት መጋዘን ከዚህ ስልት በአሜሪካ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም።

ምሥጢሩ የመስታወት ጡቡ ላይ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ወፍራም መስታወት እንደ ሸክላ ጡብ ተደርድሮ ግድግዳ ይሆናል። ብርሃን ያሳልፋል፤ ዓይን ግን አያሳልፍም። ለመጋዘን ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሠራተኛው በቀን ብርሃን ዕቃውን ይለያል፣ ከመንገድ የሚያልፈው ደግሞ የተከመረውን አያይም። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። ውስጡ የበራው መብራት በጡቦቹ ውስጥ ይንጠፈጠፍና ሕንጻው ራሱ ፋኖስ ይሆናል። እኔም በሌሊት የተታለልኩት በዚሁ ነው።

ሕንጻው ከ1983 ጀምሮ በብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ዳግላስ ዴቨሎፕመንት የተባለ ኩባንያ በ2015 ከ300 የሚበልጡ አፓርታማዎች አደረገው፤ ከሥር ሱቆች አሉበት። የእድሳቱን ጥራት መካድ አይቻልም። ጡቦቹ ታጥበው አብረዋል፣ ማማው ዳግመኛ ይበራል፣ የሱቁ ስም እንኳ በቦታው አለ። ለዕቃ የተሠራን ቤት ለሰው ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ዕቃ መስኮት አይጠይቅም፤ ሰው ግን ጎረቤቱን፣ ዝናቡን፣ ልጁ ከት/ቤት ሲመለስ ማየት ይፈልጋል። በመስታወት ጡቦቹ መካከል የገቡት ጥርት ያሉ መስኮቶች ይህን ችግር ጥቂት ያቃልሉታል እንጂ፣ ግድግዳው ዛሬም ብርሃን ሰጪ፣ ዓይን ከልካይ ነው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ከቅርስ ጋር የሚኖር ሰው ከቅርሱ አመል ጋር መኖር አለበት።

እኔን የከነከነኝ ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1952 መባቻ ድረስ ጥቁር አሜሪካዊ ከሄክት መደብር ጫማ ገዝቶ መውጣት ይችል ነበር፤ ምሳ መብያው ዘንድ ግን መቀመጥ አይፈቀድለትም። ገንዘቡ ይገባል፣ እሱ ይቆማል ማለት ነው። ሜሪ ቸርች ቴሬል የተባሉ፣ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከ80 ያለፈ ጥቁር መምህርትና ጸሐፊ በ1951 ገበያተኛው መደብሩን እንዲተው ቀስቅሰው፣ በሩ ላይ በሰልፍ አቁመው፣ በወራት ትግል መብያውን አስከፈቱት። ይዘው የተነሡት በ1872 እና በ1873 ወጥተው የተረሱ የከተማይቱን ሕጎች ነበር፤ በሌላ ምግብ ቤት ላይ በቆመው ክስ ጠቅላይ ፍ/ቤቱ በ1953 ሕጎቹ እንደጸኑ ፈረደ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስም የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ ከስሙ አያገኘውም።

ደግሞ መጋዘኑ የቆመበትን ሰፈር ተመልከቱ። አይቪ ሲቲ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለጥቁር ሠራተኞች የተቆረቆረ መንደር ነው። ከመጋዘኑ ብዙ ሳይርቅ በ1911 የተሠራ፣ በአሌክሳንደር ክረመል ስም የተሰየመ የጥቁር ልጆች ት/ቤት አለ። እሱም በቅርስነት ተመዝግቧል። በ1977 ተዘጋና ለዓመታት ባዶውን ቆመ። በ2012 ከተማው ግቢውን የአውቶቡሶች ማቆሚያ ሊያደርገው ሲነሣ ነዋሪዎቹ ከሰው አስቆሙት፤ የእነሱ ጥያቄ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ይሁን የሚል ነበር። ሁለቱም ቅርስ ናቸው፣ የሚለያያቸው ጥቂት ርምጃ ነው። መጋዘኑ ታድሶ እንደ ፋኖስ ሲበራ፣ የት/ቤቱ ጉዳይ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲንከባለል ኖረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጋዘኑ ኪራይ ያስገባል።

ይህን ስጽፍ ፒያሳ ትዝ ብላኝ ነው። የኛ የነጋዴ ቤቶችም መኖሪያ ሆነው ነበር፤ የሆኑት ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ የአርመኑና የሕንዱ ነጋዴ ሰገነት በጣውላና በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ ለስንት ቤተሰብ ጎጆ ወጣ። ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር። በዚያ ገንዘብ ማንም ጣሪያ አላደሰም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ሰዎቹም ወደ ዳር ሄዱ። ዋሽንግተኖች ሕንጻቸውን ስላላፈረሱ ቀናሁባቸው። ቅናቴ ግን ሙሉ አልሆነልኝም።

በመመለሻዬ ያው ጋሼ ናቸው የወሰዱኝ። «እርስዎ እዚያ ቤት ቢሰጥዎ ይገባሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ልጄ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው» አሉኝ፣ በመስታወቱ እያዩኝ። «እዚህ በር ላይ ስንት ጊዜ ሰው አውርጃለሁ መሰለሽ! ውስጡን ግን አላውቀውም።»