ደጋ የወጣች ፈጣን መኪና

ሰው የሠራው ሥራ ሁሉ ይተቻል። ቅኔ ይተቻል፤ ሥዕል ይተቻል፤ ቤትም በአሠራሩ ይተቻል። አውቶሞቢልም የሰው እጅና አእምሮ ሥራ ስለ ሆነች ልትተች ይገባታል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ስለ ውድ መኪና ስንናገር ከሁለት ነገር አንዱን እናደርጋለን፤ ወይ አፋችንን ከፍተን እናደንቃለን፤ ወይም ቅናታችንን የምግባር ልብስ አልብሰን እንራገማለን። ሁለቱም ትችት አይባልም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለእሽቅድምድም ተሠርታ ወደ ደጋ አገር የወጣች አንዲት መኪና የምትመሰገንበትን ላመሰግን፣ የምትነቀፍበትንም ልነቅፍ አስቤአለሁ። ነቀፌታው ለራሴም ጭምር ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የመንዝ ተወላጅ ነው። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት እየተመላለሰ ተምሮ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቶ በንግድ ሥራ በላቡ የከበረ ሰው ነው። ገንዘቡ የተሰረቀ አይደለም፤ ግብሩንም ይከፍላል። ይህን መናገሬ ነቀፌታዬ በሌባ ሀብት ላይ እንዳይመስል ነው። ይህ ወዳጄ ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ ጥቂት ብቻ ከፍ የምትል፣ ቀይ ፈጣን መኪና ከውጭ አገር አስመጣ። ጉምሩኩ፣ ኤክሳይዙ፣ ቫቱና ሱር ታክሱ ተደራርበው ዋጋዋን ከእጥፍ በላይ አደረሱት፤ እርሱ ግን አላጉረመረመም። በ2011 ዓ.ም. የገና በዓል ሲቃረብ «እናቴን ጠይቀን እንመለስ» ብሎ ጋበዘኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሄድሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዋን ልናገር። መኪናይቱ ውብ ናት። ብረቱ እንደ ሸማ ተጣጥፎ የተሠፋ ይመስላል፤ ሞተሯ ሲነሣ ድምፁ እንደ ጥሩ በገና ደረትን ይነካል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። አንዲት ብሎን እንኳ ያለ ምክንያት አላኖሩባትም። ሥራን እንዲህ አጥርቶ መሥራት በማንም አገር ቢሆን የሚከበር ነገር ነው፤ ይህን የማያይ ተቺ ዓይኑን ቅናት የጋረደው ነው።

የራሴንም ነገር ልናዘዝ። ከአዲስ አበባ ስንወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር። ብርድ ሳለ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ፤ አየር ፈልጌ አልነበረም፤ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ብዬ ነው። መኪናይቱ የእኔ አይደለችም፤ ኩራቱ ግን ያለ ቀረጥ ገባልኝ።

እንግዲህ ወደ ትችቱ እንግባ። መኪና የሚገዛ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን፣ ወይም ሦስቱንም ፈልጎ ይገዛል። አንደኛው ሰውንና ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ ለማድረስ ነው፤ ሁለተኛው በፍጥነቷና በአሠራሯ ለመደሰት ነው፤ ሦስተኛው በሰው ፊት ለመታየት ነው። እነዚህን ሦስቱን ይዘን ከመኪናይቱ ጋር ደጋ እንውጣ።

ከደስታው ልጀምር። ሞተር ቤንዚን ብቻ የሚበላ ይመስለናል፤ ነገር ግን አየርም ይበላል። ቤንዚኑ የሚነደው ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ ጣርማ በርና የመንዝ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶው 70 እጅ ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። 500 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተገዛች መኪና መንዝ ስትደርስ ከ375 አትበልጥም፤ ባለቤቷ የከፈለው ግን የ500ውን ዋጋ ነው። ወዳጄም ዳገቱ ላይ ሲደርስ «ዛሬ ምን ሆነች?» እያለ ይረግጣት ነበር። ምንም አልሆነችም፤ አገሩ ሌላ ነው።

ስለ ማድረስ ደግሞ እንናገር። አስፋልቱ እስካለ ድረስ ነገሩ መልካም ነበረ። ከትልቁ መንገድ ወጥተን ወደ መንደሩ የሚያስገባውን ጥርጊያ ስንይዝ ግን የመኪናይቱ ሆድ ከምድር ያለው ከፍታ ከአንድ ስንዝር በታች መሆኑ ታወቀ። እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ እያልን ሄድን፤ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች በእግራቸው ቀደሙን። ከአንዲት ትንሽ ወንዝ መሻገሪያ ስንደርስ ድንጋይ ሆዷን ፍቆ ያዛት። ስምንት ጎበዞች ከአውድማ ተጠርተው መጡና በእጃቸው አንሥተው አሻገሯት። መኪና ሰውን ልትሸከም ተሠርታ ሳለ ሰው መኪናን ሲሸከም ያን ቀን አየሁ።

ሦስተኛው መታየት ነው። በእርግጥ ታየን። ልጆቹ ከበው መስተዋቱን ነካኩ። ከመካከላቸውም ዐሥር ዓመት የማይሞላው አንዱ ወዳጄን «ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ትጭናለች?» ብሎ ጠየቀው። ወዳጄ ሳቀና «ምንም አትጭንም፤ ትሮጣለች» አለው። ልጁም ጥቂት አሰበና «ወዴት?» አለ።

ስለ አውቶሞቢል የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ትችት አላገኘሁም። ልጁ ሊሳደብ አልፈለገም። እርሱ የሚያውቀው መኪና ገብስ የሚጭነው አይሱዙ ነው። ዕቃን የሚመዝነው በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ወዳጄ ሊታይ የፈለገው ስሟንና ዋጋዋን በሚያውቅ ሰው ፊት ነበር፤ የመጣው ግን ስሟን ወደማያውቅ፣ ሥራዋን ወደሚጠይቅ ሕዝብ ነው።

በበዓሉ ማግስት ሌሊት የወንድሙን ሚስት ምጥ ጠናባት። የወረዳው አምቡላንስ ሌላ በሽተኛ ይዛ ርቃ ሄዳለች ተባለ። ወዳጄ ቁልፉን ይዞ ተነሣ፤ እስከ በር ሄዶም ቆመ። መኪናይቱ ሴትዮዋን የምታስተኛበት ቦታ የላትም፤ ያንን መሻገሪያም በጨለማ አታልፍም። ሰዎቹ ግን ወደ እርሱ እንኳ አልተመለከቱም። ቃሬዛው ወጣ፤ ባና ተነጠፈበት፤ በውርጩ ውስጥ አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ ተሸክመው እስከ ትልቁ መንገድ ወሰዷት። እኛም እየሮጥን ተከተልን። ከዚያ ገብስ ጭኖ ያደረ አይሱዙ ተለምኖ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሳት፤ ሾፌሩም ገንዘብ አልቀበልም አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትና ልጅ ደኅና ሆኑ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ያን ሌሊት ግን በዓይኔ አየሁት።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። «የአየሩ ነገር አሁን ያለፈበት ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አየር አትበላም፤ ከፍታም አያደክማትም» ይለኛል። እውነቱን ነው። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ፤ ጫፉ 4,302 ሜትር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1916 ጀምሮ የመኪና እሽቅድምድም ይደረግበታል፤ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን 156 ጠመዝማዛ አለው። በ2018 አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ዳገት ከስምንት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወጣው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ የፈጠነ አልነበረም። ስለዚህ ሞተርን በተመለከተ የተናገርሁት ነቀፌታ ለኤሌክትሪኳ መኪና አይሠራም፤ እተወዋለሁ። ነገር ግን ያ የፓይክስ ፒክ መንገድ እስከ ጫፉ ድረስ አስፋልት የለበሰ መሆኑን አንርሳ። አየሩን በብልሃት ማለፍ ይቻላል፤ መሻገሪያው ላይ ያለው ድንጋይ ግን ለኤሌክትሪክም አይነሣም፤ የሚነሣው በሰው እጅ ነው።

በእኛ አገርም ቢሆን አባቶቻችን ይህን ቅደም ተከተል የማያውቁ አልነበሩም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ግን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አምጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። መዳመጫው ቀደመ፤ አውቶሞቢሉ ተከተለ። ከውጭም ምሳሌ ብንፈልግ፣ ዛሬ ስሙ በፈጣን መኪና የሚጠራው ኢጣልያዊው ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የገበሬ ልጅ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የጀመረው የእርሻ ትራክተር መሥራት ነው፤ የፈጣን መኪና ፋብሪካውን ያቆመው ከ15 ዓመት በኋላ በ1963 ነው። ጌጡ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። እኛ ግን ትራክተሩን ዘልለን ጌጡን እንቀበላለን።

ደግሞም ንብረት ማፍራትን የምጠላ አይምሰላችሁ። በዚያው በመንዝ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። የአገሩ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ይቆይና ሲፈቀድ ሁሉም አጭዶ ቤቱን ይከድንበታል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም በዚያ ይኖራሉ። ይህም ንብረት ነው፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን የሚያኮራው ብዙ ሰው ስለሚጠለልበት ነው።

ስንመለስ ወዳጄን «ይህችን መኪና ለምን ወደ አገርህ ይዘሃት መጣህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «በዚያ መንገድ እግሬ እየደማ ሄጃለሁ። አንድ ቀን በእንዲህ ያለች መኪና እመለስበታለሁ እያልሁ ነው ያደግሁት» አለኝ። ይህን ስሰማ ልነቅፈው አልቻልሁም። ሕልሙ የክፉ ሰው ሕልም አይደለም፤ የተጎዳ ሕፃን ሕልም ነው። ነገር ግን አስቡት፤ በልጅነቱ እግሩን ያቆሰለው ድንጋይ ዛሬም እዚያው አለ፤ አሁን ደግሞ የመኪናውን ሆድ ፋቀ። የሌሎቹንም ልጆች እግር ገና ያቆስላል። በመኪናይቱ ዋጋ መሻገሪያው ላይ ድልድይ በተሠራ፣ ገንዘብም በተረፈ ነበር። የዚያን ሕፃን ቁስል በእውነት የሚሽረው ይህ ነበር።

አሁን የራሴን ነገር ልጨርስ። ከመንደሩ በምንነሣበት ጠዋት እናቱ እስከ መኪናይቱ ድረስ ሸኙን። ዓይናቸውን የሚያማቸው ስለ ሆነ አዲስ አበባ ሄደው ሊታዩ ከፈለጉ ቆይተዋል። መኪናይቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ እኔን የት ታስቀምጠኛለህ?» አሉ። ወዳጄ አቀረቀረ። እኔም ምድር ምድሩን አየሁ። «እርስዎ በእኔ ወንበር ይቀመጡ፤ እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ» ማለት ይቻለኝ ነበር። ቃሉ እስከ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ስንገባ በዚያች ወንበር ላይ ልታይ ፈለግሁ። እርሳቸውም መርቀውን ቀሩ፤ ከሳምንት በኋላ በአውቶቡስ ተጨናንቀው መጡ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ስለዚያ መንገድ ለሰው ስተርክ ስለ መኪናይቱ ድምፅና ፍጥነት እንጂ፣ ስለ ቃሬዛው ተሸካሚዎች አንድ ቀን አልተናገርሁም። ስለዚህ ትዕቢት የባለ መኪናው ብቻ ነው አትበሉ። አጨብጫቢ ባይኖር ለታይታ የሚገዛ አይኖርም፤ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ነገ ተምራችሁ ሠርታችሁ ገንዘብ ታገኛላችሁ፤ ማግኘታችሁም መልካም ነው። ውብ ነገር መውደድንም አልከለክላችሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ያ እረኛ ልጅና እኒያ እናት የጠየቁትን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ምን ትጭናለች? ወዴት ትሮጣለች? እናቴስ የት ትቀመጣለች? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ ግዙ፤ ይባረክላችሁ። መልስ ካጣችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙና አስቀድማችሁ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሡ።