የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ሦስት ሰው ሆኖ የድምፅ ድራማ መሥራት ብዙ አስተዳደር አይጠይቅም። አንዱ ይጽፋል፣ ሲቸግርም ይተውናል፤ ሌላው ይቀርጻል፣ ኤዲት ያደርጋል፤ ሦስተኛዋ ተዋንያኑን ትጠራለች፣ ሒሳብ ትይዛለች፣ ክፍሉን ትለቃለች። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛ ተከታታይ ድራማ ሲጨመር ነው። ተዋናዩ ስለ ክፍያው ደራሲውን፣ ስለ ስክሪፕቱ ደግሞ የድምፅ ባለሙያውን ይጠይቃል። ሁለቱም የመሰላቸውን ይመልሳሉ፤ ፕሮዲዩሰሯ የምትሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

ብዙ ቡድን እዚህ ሲደርስ ሥራ መከፋፈል ይጀምራል። በአዘጋጅነት እንደታዘብኩት ግን ሥራው ድሮም ተከፋፍሏል፤ ያልተከፋፈለው ውሳኔው ነው።

ስክሪፕቱን እንውሰድ። ከጋራ ንባብ በኋላ የሚቆለፍበትን ቀን እኛ ጋ የምትወስነው ፕሮዲዩሰሯ ናት። ከዚያ ወዲያ ደራሲው አንዲት መስመር መለወጥ ቢያምረው እሷን ያስፈቅዳል። ደራሲዎች ይህን አይወዱም፤ እኔም እጽፋለሁና አውቀዋለሁ። ነገር ግን ፊልም የተበላሸን ንግግር በሌላ ምስል ይሸፍናል፤ የድምፅ ሥራ መሸሸጊያ የለውም። ከቀረጻ በኋላ የተለወጠች አንዲት መስመር ተዋናዩን መልሶ መጥራት፣ ያንኑ ስቱዲዮ መከራየት፣ ማይክሮፎኑን በዚያው ርቀት ማቆም፣ የክፍሉን ዝምታ ሳይቀር ማመሳሰል ትጠይቃለች። ተዋናዩ ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ከመጣማ አድማጭ ወዲያው ይነቃል። ይህን ወጪ ቀድማ የምታየው ሒሳቡን የያዘችው ስለሆነች ቁልፉም በእሷ እጅ መሆን አለበት።

ትወናው የአዘጋጁ ነው፤ ሚክሱ የድምፅ ባለሙያው። አስተያየቴን አንዴ ሰብስቤ፣ ከነደቂቃው ጽፌ እሰጠዋለሁ እንጂ ከኋላው ተቀምጬ «ዝናቡን ቀንስ፣ በሩን ጨምር» አልለውም። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው የ−16 ኤልኬኤፍኤስ የድምፅ ልክ ደግሞ ጭራሽ ለውይይት አይቀርብም።

አንድ ሰው ሁለት ሥራ መደረቡ ያን ያህል አያስፈራም። የእንግሊዙ ኩባንያ ረስቲ ኩዊል «ዘ ማግነስ አርካይቭስ» የተሰኘውን የድምፅ ድራማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 እስከ 2021 በ200 ክፍሎች ሲያቀርብ ደራሲው ጆናታን ሲምስ ዋናውን ገጸ ባሕርይም ይተውን ነበር፤ አዘጋጁ አሌክሳንደር ኒውኣልም እንዲሁ ተውኗል። ሆኖም ደራሲው ማይክሮፎን ፊት ሲቆም የአዘጋጁ ወንበር የሌላ ሰው ነበር።

የመልቀቂያ ቀኑስ? ሬዲዮ ላይ የአየር ሰዓቱ ራሱ አለቃ ነው፤ ፖድካስት እንዲህ ያለ አለቃ የለውም። ጆሴፍ ፊንክና ጄፍሪ ክራነር በአውሮፓውያኑ 2012 በአሜሪካ የጀመሩት «ዌልካም ቱ ናይት ቬል» የተሰኘው ፖድካስት በዚያው አቆጣጠር በየወሩ በ1 እና በ15 እየወጣ ዓመታት የዘለቀው የመልቀቂያ ቀኑ የማይነካ ስለሆነ ይመስለኛል። የእኛንም ቀን ከፕሮዲዩሰሯ በቀር የሚያንቀሳቅስ የለም፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ እንጂ አላዝም።

ሁለተኛ ድራማ ልትጀምሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ አንድ ገጽ ወረቀት ያዙ። ስክሪፕት የሚቆልፈውን፣ ተዋናይ የሚመርጠውን፣ ሚክስ የሚያጸድቀውን፣ ክፍያ የሚፈርመውን በስም ጻፉ። ከአንዱ ውሳኔ ጎን ሁለት ስም ካገኛችሁ ቀረጻ ሳትጀምሩ አንዱን ሰርዙ።