አርባ አራት ቤት ያለው ሥዕል፤ ስለ ንግሥተ ሳባ የሥዕል ታሪክና ስለ ሰብሳቢዎቹ

በሞጣና በቢቸና አገር ከቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ኹሉ እንደሚያውቀው፥ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ ዘአምላኪየ 3 ቤት፥ መወድስ 8 ቤት አለው። ከመወድሱ አምስተኛውን ቤት ብቻ ሰምቶ፥ የቀረውን ሳይጠብቅ ከጉባኤው ወጥቶ፥ «ዛሬ ድንቅ መወድስ ሰማሁ» የሚል ሰው ቢገኝ ባልንጀሮቹ ይሥቁበታል። የመወድስ ምስጢር ከመጀመሪያው ቤት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ካልደረሰ አይፈታምና። በሥዕል ነገር ግን ይህን የመሰለ ሥራ ዘወትር ሲሠራ የሚሥቅ ሰው አይታይም። በተራ ተያይዞ አንድ ታሪክ ከሚናገር ሥዕል አንዱን ክፍል ቈርጦ ወስዶ፥ በመስተዋት አልብሶ፥ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ «የኢትዮጵያን ሥዕል ሰበሰብሁ» የሚል ሰው እንደ ዐዋቂ ይከበራል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ላይ ነው።

በተራ ከተያያዙት ሥዕሎች መካከል በኢትዮጵያ እጅግ የታወቀው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው። ሠዓሊዎቹ ይህን ታሪክ በአቡጀዲ ወይም በብራና ላይ በመሥመር እየከፈሉ ይሥሉታል። ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ 44 ናቸው፤ ይኸውም በ4 ረድፍ ተሰልፈው እያንዳንዱ ረድፍ 11 ክፍል ይይዛል። በየክፍሉም አጭር ያማርኛ ጽሑፍ ይገባበታል። ሥዕሉ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ቅኔው «ቤት» ብሎ መጥራት የተገባ ነው።

ታሪኩም እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ሕዝቡ ለታላቅ ዘንዶ ሲገዛና ሲገብር ይታያል። ከዚያ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል ለዘንዶው ይሰጠዋል፤ ዘንዶውም ይሞታል፤ ገዳዩም ይነግሣል። ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች። ነጋዴው ታምሪን ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ የሰሎሞንን ጥበብ አይቶ ይመለሳል፤ የነገራትም ነገር ልብዋን ይነካዋል፤ ትሄዳለች። ግብሩ፥ መሐላው፥ ውሃው፥ ቀለበቱ፥ ልጁ ቀዳማዊ ምኒልክ፥ የልጁ ወደ አባቱ መሄድ፥ በመጨረሻም የታቦተ ጽዮን መምጣት ይከተላሉ። የዘንዶው ነገር በክብረ ነገሥት የለም፤ በሕዝብ አፍ የቈየ ታሪክ ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ከመጽሐፍ የተገኘውንና ከአባቶች የሰማውን በአንድ አቡጀዲ ላይ አስማምቶአል። ይህም ተራ ሥራ አይደለም። ንግሥቲቱ ጥበብን ፍለጋ ከመሄድዋ አስቀድሞ አገርዋ በፍርሃት ይገዛ እንደ ነበረ ካላሳየ፥ የመንገድዋ ዋጋ አይታወቅም ነበርና።

የሠዓሊው ብልሃት ደግሞ በመጠን ላይ ነው። ክብረ ነገሥት ንግሥቲቱ ስትነሣ 797 ግመል እንደ ተጫነ ይናገራል። አንድ ስንዝር በማይሞላ ቤት ውስጥ ይህን ኹሉ ግመል ማን ይሥለዋል? ሠዓሊው ሁለት ሦስት ግመል ሥሎ፥ ከኋላቸው ራስ በራስ ላይ ይደራርባል፤ የተመልካቹም ዐይን የቀረውን ራሱ ይቈጥረዋል። ቅኔ ዐዋቂም እንዲሁ ያደርጋል፤ ብዙውን ነገር በአንድ ቃል ጠቅሶ ያልፋል፥ ሰሚው ያመጣዋል።

ከኹሉ ይልቅ የሚደነቁት ግን የግብሩና የውሃው ቤቶች ናቸው። ሰሎሞን ንግሥቲቱን በርበሬና ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላታል፤ ከቤቱ አንዳች ነገር በግድ እንዳትወስድም ያስምላታል። ሌሊት ውሃ ጠምቷት እጅዋን ስትዘረጋ ይይዛታል። በሥዕሉ የግብሩ ቤት ለብቻው ቢታይ የደስታ ማዕድ ብቻ ነው፤ የውሃውም ቤት ለብቻው ቢታይ ሴት ከማድጋ ስትቀዳ ብቻ ነው። ሁለቱ ጐን ለጐን ሲቆሙ ግን ማዕዱ ወጥመድ፥ ውሃው የመሐላ መፍረሻ እንደ ሆነ ይገለጣል። በፊተኛው ቤት ሰም የነበረው በኋለኛው ቤት ወርቁን ያወጣል። ቀለበቱም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ቤት የተሰጠው ቀለበት በኋለኛው ቤት የልጁ ምስክር ሁኖ ይመለሳል። እንግዲህ የዚህ ሥዕል ምስጢር በቤቶቹ ውስጥ ያለውን ያህል፥ ከቤት ወደ ቤት በሚያሻግረው መሥመር ላይም አለ። አንዱን ቤት ቈርጦ የወሰደ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ ሄዶአል።

ምስጋናው ይህ ከሆነ ነቀፌታውም መነገር አለበት። ይህ ሥዕል ባዲስ አበባ ለውጭ አገር ሰው መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፥ ብዙው በችኰላ የተሠራ ነው። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሁኖ በሁለት ዐይን፥ ክፉ ሰው በጐን ዙሮ በአንድ ዐይን ይሣላል፤ ተመልካቹም ጽሑፉን ሳያነብ የሰውየውን ጠባይ ያውቃል። በንግዱ ሥዕል ግን ይህ ሥርዐት ይላላል፤ ንጉሡም፥ ነጋዴውም፥ በረኛውም ተመሳሳይ ፊት ይዘው ይቀመጣሉ። ጽሑፉ በፊደል ስሕተት ይሞላል፤ አንዳንድ ጊዜም ገዢው ርካሽ እንዲያገኝ ቤቶቹ ይቀነሱና ታሪኩ ከመካከሉ ይዘላል። ይህ ጥፋት የሠዓሊው ብቻ ነው ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ገዢው ታሪኩን የማያነብ ከሆነ፥ ሠዓሊው ታሪኩን ስለምን ይጠነቀቅለታል?

ሥዕልን በተራ አያይዞ ታሪክ መናገር በሌላውም ዓለም አለ። በአሜሪካ ኮሚክ የሚባለው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው፤ ሰብሳቢዎቹም ብዙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ለውጭ አገር ነገር የሚጠሩት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሱፐርማን የተባለው ጀግና መጀመሪያ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበረ፤ በ2024 አንዱ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ በ1936 ለቴንቴን መጽሐፍ ሽፋን በእጁ የሣለው ሥዕል ደግሞ ለማተም ወጪው በዛ ተብሎ ቀርቶ፥ ታጥፎ ከመሳቢያ ውስጥ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፥ በ2021 ከፓሪስ ጨረታ ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ። በኢትዮጵያም በ2018 በበሥራት ደበበ «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ በእንግሊዝኛና ባማርኛ ወጥቶአል፤ ስለዚህ ነገሩ ለአገር ልጅ ከእንግዲህ ባዕድ አይደለም።

ከእነዚህ ሰብሳቢዎች አንድ መልካም ልማድ ይገኛል። የመጽሐፉን ቍጥር፥ የታተመበትን ዓመት፥ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም ለይተው ይመዘግባሉ፤ ከመካከል አንድ ቍጥር ቢጐድልባቸው እስኪያገኙት ድረስ ዕረፍት የላቸውም። ነገር ግን አንድ ክፉ ልማድም አላቸው። ዋጋው እንዳይወርድ ብለው መጽሐፉን መርማሪ ዘንድ ልከው፥ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሳሽገው ያስቀምጡታል። የታሸገ መጽሐፍ አይገለጥም፤ የማይገለጥ መጽሐፍም ለአንባቢ ሞቶአል። ይህ ሰው መጽሐፍ ገዛ ከማለት ሽፋን ገዛ ማለት ይሻላል። ከመዝገባቸው መማር፥ ከእሽጋቸው መሸሽ ይገባል።

በኢትዮጵያ የደረሰው ነገር ግን ከእሽጉም የከፋ ነው። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ መልእክት ከጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የድሮዎቹን የግድግዳ ሥዕሎች ነቅሎ፥ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ በሣላቸው አዲስ ሥዕሎች ተክቶ፥ የቀድሞዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ዛሬም እዚያው በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ሐሳብ ይጋጫል። ሰብሳቢው የሚፈልገው መጀመሪያውን እጅ ነው፤ ቅጂው ለእርሱ ጥላ ነው። ባላገሩ ሠዓሊ ግን ከአባቶቹ ሥዕል መቅዳትን እንደ ነውር አይቈጥረውም፤ የታሪኩን ሥርዐት መጠበቅ ነው ይለዋል። እንግዲያስ «ቅጂ ትተንላችኋል፥ ምን ጐደለባችሁ?» ቢባል መልሱ ምንድር ነው?

መልሱ ከቅኔ ቤት ይገኛል። በቅኔ ቤት «ዘረፈ» የሚለው ቃል ምስጋና ነው፤ ከልቡ አዲስ ቅኔ አፈለቀ ማለት ነውና። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ግን ያፍራል። ሠዓሊው ከአባቱ ሲቀዳ አባቱን ከስፍራው አያስነሣውም፤ ፊተኛው ሥዕል እንደ ቆመ ሁለተኛው ይወለዳል። የጎንደሩ ቅጂ ግን ፊተኛውን ለማስነሣት የተሠራ ነበረ። መቅዳት ታሪክን ያበዛል፤ ነቅሎ በቅጂ መተካት ግን ታሪክን ከተነገረለት ሕዝብ ይለያል። በቅኔ ቤት ዘረፈ ማለት ሰጠ ማለት ሲሆን፥ በሥዕል ቤት ዘረፈ ማለት ያው በገበያ እንደሚታወቀው ነው።

ይህ ኹሉ ሲባል ሰብሳቢን ኹሉ መንቀፍ አይገባም። ባዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ስታኒስላቭ ኮይናትስኪ የተባሉት የፖሎኝ ሊቅ ብዙ ደክመው የባላገር ሥዕሎችን ባይሰበስቡ ኖሮ፥ ዛሬ የሚመረመረው ብዙ ሥዕል በጭስና በምስጥ በጠፋ ነበር። በጎጃም ተወልደው ባዲስ አበባ የሠሩት ቄስ አዳሙ ተስፋውም የሚጠቀሱ ናቸው። የእሳቸው ሥዕሎች በ2005 በሎስ አንጀለስ ከተማ በፋውለር ሙዚየም በስማቸው ለሕዝብ ታይተዋል፤ የሕይወታቸውም ታሪክ ተጽፎአል። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን የባላገር ሠዓሊ ሥራ «የኢትዮጵያ ሥዕል» ከመባል በቀር የሠሪው ስም አይነሣም ነበረ። ቅኔው የማን እንደ ሆነ ሳይነገር ባለቅኔው አይመሰገንም፤ ሥዕሉም እንዲሁ ነው። ስሙን መዝግቦ የሚሰበስብ ሰው ሠዓሊውን ከሞት ያድነዋል፤ ስሙን ጥሎ የሚሰበስብ ግን በሕይወት ሳለ ይቀብረዋል።

አሁን ነገሩ ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ይመለሳል። በዚህ አገር ባሉት ክብ ቤተ ክርስቲያኖች የመቅደሱ ግድግዳ በተርታ ሥዕል የሚናገር ነው፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ጨርቅ ስለ ሆነ ያረጃል፤ ጨርቅ ስለ ሆነም ተላጦ ተጠቅልሎ ለመሄድ ይመቻል። አርጅቶ ሲላቀቅ በኅትመት ወረቀት መተካቱ ቀላል ይመስላል፤ የወረደው አሮጌ ጨርቅ ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው የተመዘገበውንና የታወቀውን ነው። ስለዚህ አለቃውና ደብተራው ከከተማው የተማረ ሰው ጋር ሁነው፥ የየግድግዳውን ሥዕል ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው በተራ ቢጽፉ፥ በፎቶግራፍ ቢያነሡ፥ የሠዓሊውን ስም ከሽማግሌ ጠይቀው ቢያኖሩ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከገበያ የንግሥተ ሳባን ሥዕል የሚገዛውም ሰው ሙሉውን ይግዛ፤ ሙሉውን መግዛት ካልቻለ በሙሉ የሚያኖረው ሌላ ሰው ይፈልግ እንጂ መቀስ አያንሣ።

የሞጣ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በዐባይ ላይ በፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ያ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን ከመካከሉ ቢፈርስ፥ ወዲህና ወዲያ ያለው ግንብ ቆሞ ሳለ፥ መንገደኛው በገመድ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበረ። ግንቡን ያየ ሰው ድልድይ አለ ይል ይሆናል፤ እህሉን ጭኖ የመጣ ገበሬ ግን የጐደለችውን መካከል ያውቃታል። ከ44 ቤት አንዱ የተቈረጠበት ሥዕልም እንዲሁ ነው። የጐደለው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደው ታሪክ የሚሻገረው በዚያች በጐደለችው ላይ ነበረ።